የአምስተኛው ፎቅ ቱቦ

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

የአምስተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የወለሉ ኮንክሪት፣ ሰኞ ጠዋት ይሞላል። የኤሌክትሪክ ቱቦው አልመጣም።

ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ምግብ መውሰድ እንደጀመርክ አጠገብህ ሆና የምታስታምምህ ትርሓስ ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህንንም እሷ እንድታነብልህ ነው የምጽፈው። ስልክ ይቀል ነበር። ባለፈው ግን ጆሮህ ላይ አድርጋልህ ሳወራህ፣ ከዚያ ወገን ትንፋሽህን ብቻ እየሰማሁ መቀጠል አቃተኝ። እናታችንን ትርሓስ ጉልበቷን ትሳምልኝ። እኔ ከሐሳቡ በቀር ደህና ነኝ።

ሥራውን ባስተማርከኝ መንገድ ይዤዋለሁ። ቱቦና የሽቦ ሳጥኑ ስካቶላ ከፌሮው ጋር፣ ሽቦ ልስኑ ከደረቀ በኋላ፣ ማብሪያና ሶኬት ከቀለም በኋላ፤ ሁሉም በየፎቁ፣ በየተራው። ፎርማኑ መገርሳ «አንቺ ቱቦ የምትገዢው እንደ ሽንኩርት በግማሽ ኪሎ ነው» እያለ ይስቅብኛል። በክረምቱ ምድር ቤቱ ውኃ ሲሞላ ግን የኮርኒስ ሠራተኞቹ ቀድመው ያከማቹት ጂፕሰም ሁሉ ሊጥ ሆነ። እኛ የሚበላሽ ነገር አልነበረንም። ያን ቀን አልሳቀም።

ችግሩ የመጣው የብር ምንዛሪ ከወረደ ወዲህ ነው። ሱቆቹ ዕቃ ደብቀዋል። ከሜክሲኮ እስከ ባምቢስ ዞርኩ፤ መልሱ «የለም» ነው። ያለው በነጋዴው በአቶ አጽብሃ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ለእኛ ተለይቶ የተቀመጠው። ልማዳችሁን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ከሙሌቱ በፊት አንተ ደውለህ «አውጣ» ካላልካቸው አንድ ዘንግ ቱቦ አይንቀሳቀስም።

ለአራተኛው ፎቅ «ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል» አልኳቸውና አምነው ሰጡኝ። እናታችን «ለባዕድ አይነገር፤ የሰው አፍ ያብስበታል፤ በጸበሉ ይሻለዋል» ስላለች ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ትናንት ሱቃቸው ስደርስ የመጋዘኑን ቁልፍ በእጃቸው እያገላበጡ «አንቺ ልጅ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል አልፎ የማይለቅ ጉንፋን ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ። ዋጋ ሊጨምሩ የፈለጉ መስሎኝ «ልዩነቱን እንከፍላለን» አልኩ። ተቆጡ።

«ገንዘብ ጠየቅሁሽ? ከስንቱ ደብቄ ነው ያቆየሁላችሁ! ወንድምሽ ተቀይሞኛል፣ አይደል? የአባታችሁ ተዝካር ላይ ሳልገኝ ስለቀረሁ ነው። እሱ እንደሆነ ሰው ይልክብኛል እንጂ ‹አስቀየምከኝ› አይለኝም። ድሮም ኩራተኛ ነው!»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ።

እውነቱን እንዳልነግራቸው የእናታችን ቃል ያዘኝ። ሌላም አለ፣ አልደብቅህም። የሥራ ፈቃዱ በአንተ ስም ነው፤ ከተሰማ የሕንፃው ባለቤት ሌላ ተቋራጭ ሊያመጡ ይችላሉ፣ አብረውን የሚሠሩት ልጆችም ይበተናሉ። ዝም ብል ደግሞ ኮንክሪቱ ያለ ቱቦ ይሞላል። የደረቀ ሶሌታ እንፈልፍል ብንል መሐንዲሱ አይፈቅድም፤ ያኔም ሥራው ከእጃችን ይወጣል።

ዛሬ መገርሳ ለብቻዬ ጠራኝ። «ከአራተኛው የተረፈችው ቱቦ በደረጃው በኩል ላለው ትበቃለች። እሷን ዘርጉና ሙሌቱን ከዚያ እጀምራለሁ። የቀረውን እስከ ቀትር እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ግን አልችልም፣ በቃ» አለኝ። ጥቂት እንደሄደ ዞር ብሎ «ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ። መልስ ካልላከልኝም አልቀየምም» አለ። ማን ነገረው? እኔ አልነገርኩትም።

ወንድም ጋሼ፣ የምጠይቅህ ይህን ነው። ለአቶ አጽብሃ እውነቱን፣ አንደበትህ ተይዞ አልጋ ላይ መዋልህን፣ ልንገራቸው? ለእሳቸው ብቻ። እናታችንን አስከፋ ይሆናል። ነገር ግን እንደተቀየምካቸው አምነው ቢኖሩ አንተም የምትወድ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስትደርስ ትርሓስ ግራ እጅህን ትያዝ። እሺ ካልክ ጠበቅ አድርጋት፤ እንቢ ካልክ ልቀቃት። እሷ ትደውልልኛለች። ደብዳቤውን የጎረቤታችን ልጅ ዘርአይ ነገ ንጋት ወደ ዓዲግራት ሲሳፈር ይዞት ይመጣል፤ ቅዳሜ ይደርስሃል።

ከአልጋህ ያንሳህ። ይህን ፎቅ በገዛ እግርህ ወጥተህ «እዚህ ጋ አጣመሽዋል» ብለህ ለመቆጣት ያብቃህ። ለእናታችን ዕድሜ ይስጥልን።

አቶ አጽብሃ ትናንት ከሱቃቸው ስወጣ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀጥረውኛል። የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘው ነው የሚመጡት።

ታናሽ እህትህ