የሰበታው ሽምግልና

ጥቅምት 9
ውሃ መጣ! ስንት ጊዜ ጠፍቶ ዛሬ በጠዋት ቧንቧው አንኮራፋ አንኮራፋና ለቀቀው። ቡራዩ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሠርግ አለ? በርሜሉን ሞላሁ፣ ጀሪካኑን ሞላሁ፣ ድስት ሳይቀር ሞላሁ። ጎረቤቴ ማሪቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አንቺ አሰጋሽ፣ ለእኛም አስተርፊልን እንጂ!» አለችኝ። «ቧንቧው እኔን ነው የሚወደው» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ሳጥብ፣ ሳንጎራጉር ዋልኩ።
የባሌን ሱሪ ኪስ ስገለብጥ የክኒን ልጣጭ ወጣ። ባዶ። ከሌላኛው ኪስም ወጣ። ከጃኬቱም...
ለወገቡ ነው። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ የተጎዳ ጊዜ ሐኪም ያዘዘለት ማስታገሻ ነው። ግን ያኔ የታዘዘለት ለጥቂት ሳምንት አልነበር እንዴ?
ማሪቱ እንዳታየው ልጣጩን በጨርቅ ጠቅልዬ ጣልኩት። ለምን ደበቅኩት? እንጃ።

ጥቅምት 14
ጠየቅኩት። እራት ላይ።
«ሳህሉ፣ ይሄን ትራማዶል ባትውጥ ምን ትሆናለህ?»
«ወገቤ ነዋ።»
«ወገብህ ነው ወይስ...»
«አሰጋሽ! ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሱስ ይሆናል? ሱሰኛ ማየት ካማረሽ ጫት ቤት ሂጂ።»
ሳቅኩ። እውነቱን ነው መሰለኝ። ደግሞ ማን ነው ሳህሉን ሱሰኛ የሚለው? ሲጋራ አያጨስ፣ ከአንድ ቢራ አያልፍ። በሰፈሩ ባልና ሚስት ከተጣሉ «ሳህሉን ጥሩ» ነው የሚባለው። ለሽምግልና ተጠርቶ «አልመጣም» ያለበትን ቀን አላውቅም። የጎረሰውን ሳይውጥ ነው የሚነሳው።
ግን ላቡ... እጁ... ክኒኑ ያለቀበት ቀን ጠባዩ የሌላ ሰው ነው።

ጥቅምት 21
ወደቀ። መታጠቢያ ቤት። ድው ሲል ሰምቼ ስሮጥ ዓይኑ ተገልብጧል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም። ማሪቱ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «የሚጥል በሽታ ነበረበት እንዴ? ደብቃችሁን ነው?» አለች።
«ደም ብዛት ነው» አልኳት። አፌ እንዴት ፈጠነ!
ከልጄ ከሮዳስ ጋር አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ እኔን ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ። ክኒኑ ሲበዛ እንዲህ ይጥላል አለች። በአንድ ጊዜም ማቆም የለበትም፣ በሐኪም እየታየ ነው የሚቀንሰው፣ ተኝቶ ቢታከም ይሻላል። «እንደገና ከጣለው ላይነሳ ይችላል» አለችኝ።
ላይነሳ...

ጥቅምት 26
እህቴ ተስፋነሽ ከሱሉልታ ደወለች። ጠበል ይግባ፣ ክኒኑን ዛሬውኑ ይጣል አለች። ተከራያችን ሐኒ ደግሞ ከደቡብ የመጣች፣ ፋብሪካ የምትሠራ ጸሎተኛ ልጅ ናት። «እትዬ፣ ቸርቻችን እናምጣውና ይጸለይለት» ትላለች። ሮዳስን ሆስፒታሉ አልጋ የለኝም፣ ተራ ጠብቁ ብሏታል። ሰበታ ግን ሱስ ብቻ የሚያክም ማዕከል አግኝታለች፤ ቦታ አለ ብለዋታል።
ሐኪሟን በስልክ ጠየቅናት። «ጠበሉንም ይጠጡ፣ ይጸለይላቸውም፣ ክኒኑን ግን በአንዴ እንዳያቆሙ» አለች።
ሰው ሁሉ መፍትሔ አለው። ሳህሉ ግን ችግር የለበትም! «ሕክምና ቤት ምን ላደርግ?» ብሎ ወጥቶ ሄደ።

ጥቅምት 29
አገኘሁት! አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። ለሽምግልና ብንጠራውስ? ሰበታ የተጣሉ ባልና ሚስት አሉ ብንለው እንደው በእግሩም ቢሆን ይመጣል። ወንድሜ ቢንያም «ኃጢአት አይሆንም?» አለኝ። «ሕይወት ማዳን ምን ኃጢአት አለው? አንተ መኪናህን አምጣ» አልኩት።
እንዲህ ብልጥ ነበርኩ እንዴ?

ኅዳር 2
ሳህሉ አመነን፤ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ጫማውን አስጠረገ፣ ጋቢውን ደረበ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጋቢው ውስጥ ሸሸገው። መንገድ ላይ ዝም ይለኛል ብዬ ነበር...
«ልጅ አላቸው?»
«አንድ ሴት ልጅ።»
«ማን ነው ያኮረፈው?»
«ሚስትየዋ። ባልየው አልሰማ ብሏት...»
ትንሽ አሰበና «እንግዲያው መጀመሪያ ባልየውን ለብቻው ነው የምሰማው። ሰው ፊት ከተዋረደ አይመለስም» አለ። ቢንያም በመስታወቱ አየኝ። መልሰን እንሂድ ልል ነበር። አላልኩም።
በሩ ላይ ዘበኛው «ታካሚው የትኛው ናቸው?» ሲል ሳህሉ ቀና ብሎ «የሱስ ሕክምና ማዕከል» የሚለውን አነበበ።
ሰልማን የሚባል አማካሪ ወጣ። «አቶ ሳህሉ፣ ወዴት እንደሚመጡ ተነግሮዎት ነበር?»
«ባልና ሚስት ላስታርቅ ነበር የመጣሁት» አለ። ድምፁ...
ሰልማን ወደኔ ዞረ። «እህቴ፣ እኛ ተታሎ የመጣ ሰው አናስገባም። ፈቅዶ ያልገባ አይቆይም። እሳቸው ሲፈልጉ በራችን ክፍት ነው።»
ሳህሉ አመሰገነው። እሱን ነው ያመሰገነው! ጋቢውን አጥፎ መኪናው ላይ አስቀመጠና አስፋልቱን ተሻግሮ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ኅዳር 3
አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። መሥሪያ ቤቱ፣ ብሎኬት ማምረቻው ሄድኩ፤ አላዩትም። ክኒን ይዟል? ካልያዘስ? መንገድ ላይ ጥሎት ቢሆንስ? ማን ያውቀዋል? ሰካራም ነው ብለው አልፈውት ቢሆንስ...
ብልጥ አሰጋሽ። አይ ብልጠት!

ኅዳር 4
የለም። አምቡላንስ ባለፈ ቁጥር እቆማለሁ።

ኅዳር 5
ተገኘ! ኦቦ ድሪባ በጠዋት መጡ። ከሳህሉ ጋር ለሽምግልና የሚቀመጡ ትልቅ ሰው ናቸው።
«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ አሰጋሽ። ባልሽ እኔ ቤት ነው።»
እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። «ቆይ፣ ቆይ። ከስሶሻል። ነገ እኔ ቤት ለሽምግልና ትቀመጫለሽ።»
ይክሰሰኝ! አለ፣ ይተነፍሳል። ይክሰሰኝ!

ኅዳር 6
ሄድኩ። ሳህሉ ከስቷል። አላየኝም።
«በሽምግልና ስም ዋሸችኝ» አለ። «ዱላ አይደለም፣ ስድብ አይደለም። ነገ አንድ ቤት ሲፈርስ ብጠራ፣ እውነት ይሁን ወጥመድ በምን ላውቅ ነው?»
ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር! «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ግን ስትወድቅ አይቼሃለሁ። አንተ ራስህን አላየኸውም። እኔ ነኝ ያየሁህ።»
ኦቦ ድሪባ ወደሱ ዞሩ። ከዚያ «ሳህሉ፣ የሷን ሰማን። እሷ ዋሽታለች፤ ይቅርታ ትጠይቅሃለች። ያንተስ? እኔ ቤት ስትሰነብት ሌሊቱን ሙሉ ስትንጎራደድ ወገብህ ነበር?» አሉት።
መሬት መሬት አየ።
«አይደለም» አለ። «ወገቤ ከዳነ ቆይቷል። ያለ ክኒኑ መነሳት አልችልም ኦቦ። ለብቻዬ ልተወው ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም።»
ሞክሯል! መቼ? እኔ አጠገቡ ተኝቼ?
ኦቦ ድሪባ «እኔ ሂድ አልልህም። የሰበታዎቹ ልክ ናቸው፣ ሰው ይዞህ አይሄድም» አሉ። ተነስቼ ጉልበቱን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኩት። አነሳኝ። እጁ በላብ ርሷል።
ቤት ልንደርስ ስንል «በየትኛው ቀን ነው የሚቀበሉት?» አለኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ቀስ ብዬ እንባዬን ጠረግኩ። ከዚያ ነገርኩት።

ኅዳር 11
ዛሬ ገባ። በቢንያም መኪና አልሄድም አለ፤ በሚኒባስ ሄድን። ከሰልማን ጋር ራሱ አወራ፣ ራሱ ፈረመ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጣቴን ስቆጥር።
ልለየው ስል «ለሰፈሩ ምን ልበል? ተጂ ከተማ ለሥራ ሄደ ልበል?» አልኩት።
«በቃ ውሸት አሰጋሽ። ያለሁበትን ንገሪ።»
ለሱ ቀላል ነው! ማሪቱ አጥር ላይ የምትጠብቀው እሱን አይደለም።

ኅዳር 20
ሰልማን ደወለ። እንቅልፍ የለውም፣ ያስመልሰዋል፣ ግን መጠኑን እየቀነሱለት ነው። ልውጣ አላለም። ገና ነው አለኝ፤ የዳነም ሰው ሊመለስበት ይችላል፣ እናንተም ቤተሰቦቹ እየመጣችሁ መማር አለባችሁ አለኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዘልዬ አነሳለሁ። «ወጥቶ ሄደ» ይሉኝ ይሆን?
ማሪቱ ደግሞ በአጥር፦ «ሳህሉ የት ጠፋ? ተጣላችሁ እንዴ?»
«ተጂ ነው። ሥራ ላይ።»
አሁንም! በቃ ውሸት አላለኝም?

ታኅሣሥ 6
የእድር ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢው «የአቶ ሳህሉ ቤት?» ሲል «አለን» አልኩ። «ሳህሉ ራሱስ? አንድ የምናስታርቀው ጉዳይ ነበረ፣ ፈልገነው አጣነው» አለ።
ሁሉም ወደኔ ዞረ። ማሪቱ ፊት ለፊቴ ናት። ተጂ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር...
ተነሳሁ። «ሳህሉ ሰበታ ነው። የሚውጠው ክኒን ሱስ ሆኖበት ሕክምና ገብቷል። ራሱ ፈቅዶ ነው የገባው። እስካሁን አልወጣም። ጸልዩለት።» ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው «እግዜር ይርዳው» አለና ወደ ሌላ ጉዳይ ገባ።
ስንበተን ቶሎ ቶሎ ሄድኩ። ከኋላዬ የማሪቱ እርምጃ... አውቀዋለሁ እኮ እርምጃዋን። አሁን ተጂን ታነሳብኛለች፣ አሁን ሰፈር ትሰበስብብኛለች ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነው።
«አሰጋሽ... ሰበታ ሕክምናው ጋ ታክሲው የት ነው የሚያወርደው?»
ከቤቷ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔ! ያልጠየቅኩት ነገር በዚህ ሰፈር አለ?
«እሁድ ልጠይቀው እሄዳለሁ። አብረን እንሄዳለን» አልኳት።
እስከ በሯ ክንዴን አልለቀቀችም።