ሚኪያስ የተቀመጠበት ካርቶን

መጋቢት 4
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ወጥቼ በቀጥታ ጸሎት ቤት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል... ደብረ ብርሃን መቼ ይሆን የምትሞቀው?

የስርጭት ምድብ ተነበበ። እኔ፣ ራሔልና ሚኪያስ፤ ቤት ለቤት መጽሐፍ ቅዱስ ልናድል። የት? አንኮበር፣ እኛ መንደር! ከስንቱ መንደር!

"ሰፈርሽ ነው፣ አንቺ ትመሪናለሽ" አለ ሚኪያስ ደስ ብሎት። ሐዋሳ ያደገ ልጅ ምን ያውቃል? አባባ "ሃይማኖትሽን ቀይረሽ ደጄን እንዳትረግጪ" ካሉኝ ወዲህ ያንን በር አላየሁትም።

መጋቢት 9
ሥራ ላይ ክሩ ደጋግሞ ተበጠሰብኝ። አባባ በሰው ፊት ቢያባርሩኝስ?

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ
ጉድ ነው የዛሬው!

መጀመሪያ እትዬ አመተ ማርያም ደጅ ደረስን። "ቤቶች!" አልኩ። ወጡ። "የወልደአረጋይ ልጅ አይደለሽም እንዴ?" ሲሉኝ፣ ሚኪያስ ዳገቱ አድክሞት የተሸከመውን ካርቶን መሬት አስቀምጦ ላዩ ላይ ቁጭ! መጽሐፍ ቅዱስ የሞላው ካርቶን ላይ!

"ኧረ በስማም! የእግዜር ቃል ላይ ይቀመጣል?" ጮኹ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

"ወረቀት እኮ ነው እናቴ፣ ቃሉ ልብ ውስጥ ነው" አለና ጭራሽ አባሰው። ዝም ቢል ምን ነበረበት!

"ተነስ!" አልኩት። ሳላስበው መጽሐፎቹን አንድ በአንድ እየተሳለምኩ አወጣሁና በነጠላዬ ጠቀለልኳቸው። አባባ ዳዊታቸውን ከቆዳ ማኅደሩ ሲያወጡ ሳይሳለሙት ቀርተው አያውቁም... ለካ እጄ አልረሳም።

ጩኸቱ በረደ። መጽሐፍ ግን ማንም አልወሰደልን። በሩ ሁሉ ተዘጋ።

"የአባትሽን ቤት እንለፈው" አለች ራሔል። እሺ ልል ስል... አባባ! ከዘራቸውን ይዘው አጥሩ በር ላይ ቆመዋል። ወሬው ቀድሞኛል።

"ተሳለመችው አሉኝ።"

"አዎ አባባ።"

"ሰማንያ አሃዱ ነው?"

"ስድሳ ስድስት ነው።"

"ጎደሎ ነዋ!" ከዘራቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። "ዳዊት አለው?"

"አለው።"

"ዓይኔ ደክሟል። ግቢና አንብቢልኝ።"

ግቢ አሉኝ! ራሔል ከኔ ቀድማ አለቀሰች። እኔ በአማርኛ ሳነብ እሳቸው በግዕዝ በቃላቸው ይቀድሙኛል። ድምፄ ሲቆራረጥ ጠበቁኝ።

"ያንንም ልጅ አስገቢው፤ በርጩማ ላይ ግን ይቀመጥ" አሉ። ሚኪያስ እንደ ቲማቲም ቀላ።

ስንወጣ መጽሐፉን አልመለሱልኝም። እኔም አልጠየቅኩ። እፎይ... መኪና ውስጥ እስከ ደብረ ብርሃን ስስቅ ሳለቅስ መጣሁ።

ሚያዝያ 6
ስልኬ ጮኸ። አባባ! ራሳቸው!

"ለፋሲካ ነይ፤ ዶሮውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ።"

"እሺ አባባ። መጽሐፉስ?"

"ጎደሎውን? ማኅደር አሰፋሁለት፤ ከዳዊቴ ጎን ሰቅየዋለሁ።" ሳል ያዛቸው። "ደግሞ እንደዚያን ቀን ሰው ደጅ ቆመሽ 'ቤቶች' እንዳትይ። ዝም ብለሽ ግቢ።"