የተፈታው ቴሌፕሪንተር

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዛሬ የሬዲዮ አማተሮች በቴሌፕሪንተር፣ የሬዲዮን ምልክት ጽሑፍ አድርጎ በወረቀት ላይ በሚያትም ማሽን፣ የሚጻጻፉበት ዓለም አቀፍ ውድድር ነው። እኔ ማሰራጫዬን ለመንግሥት ካስረከብኩ ወዲህ የቀረኝ ማዳመጥ ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ ጓደኛዬ ሰይድ ጭድ ተራ ያለውን ሱቁን ዘግቶ እያለከለከ መጣ። የሬዲዮውን ፉጨት ለማሽኑ የሚያቀብለውን መሣሪያ፣ ዓመት ሙሉ የለፋበትን፣ ጨርሶታል።

«ማሽኑን አውጣው! ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ዛሬ እናነባለን» አለኝ።

ማሽኑ የለም። ባለፈው ሳምንት የቀበሌ ፍተሻ ይመጣል ሲባል፣ የመልእክት ማሽን ተገኘበት እንዳልባል ፈርቼ ለምናለሽ ተራ ብረት ነጋዴዎች ሰጠሁት። እነሱም ፈታቱት። ፍተሻው አልመጣም።

ስነግረው «አንተ ብቻ ደህና ሁን፤ እሱ ብረት ነው» ብሎ መሣሪያውን በኮቱ ሸፈነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሬዲዮውን ከፈትኩት። በነጥብና በሰረዝ የሚላከው ሞርስ ቢሆን ሁለታችንም በጆሯችን እናነበው ነበር። ይሄ ግን ለማሽን እንጂ ለሰው ጆሮ አይሆንም፤ ጫጫታ ብቻ ነው። አንድ ጣቢያ እያረፈ ደጋግሞ ተጣራ። የመለሰለት የለም።

«ከየት አገር ይሆን?» አለኝ ሰይድ።

ማሽኑ ቢኖር ኖሮ የጣቢያውን መለያና አገሩን በወረቀት ላይ ያትምልን ነበር።