የኢፍራሕ ፀጉር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከዐስር ሶላት በኋላ።

ፎጣዎቹን አጥቤ አሰጣሁ። የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ ወለወልኩ። እጄ ሻምፖ ሻምፖ ይሸታል። አብራኝ የምትሠራው ሰህራ የለችም፤ ትናንት ባሏ ወዳለበት ወደ ቡርዖ ከተማ ሄደች። እስከ ዛሬ ነገሩ ቀላል ነበር። እኔ ፀጉር አጥባለሁ፣ ሹሩባ እሠራለሁ፣ ሂና እሥላለሁ። ቅንድብ መንቀልና ፀጉር መቀጠል የሷ ነበር። አሁን ባለ ሳሎኗ እትዬ ሆዳን ሁሉንም እኔ እንድይዘው ፈለጉ።

አይሆንልኝም አልኩ። ሙያው ጠፍቶኝ አይደለም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም። ኮምቦልቻ መድረሳ ከገባሁ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ የምትነቅለውም የምታስነቅለውም፣ የምትቀጥለውም የምታስቀጥለውም ተረግመዋል።

እትዬ ሆዳን ያደጉት ድሬዳዋ ነው፣ አማርኛቸው ከኔ ይፈጥናል። ዛሬ ግን የሒሳብ ደብተራቸውን ከፍተው መደመር ያዙ። 

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ምሳ ሰዓት።

ሳሎናችን ያለበት ሰፈር፣ ጅግጅጋ ያር፣ እንደ ወትሮው ጫጫታ። ሚኒባሶቹ በራችን ላይ ይጮኻሉ። ቅንድብ ፈልገው የመጡ ሴቶች ከፊቴ እየተነሱ ወደ ጎረቤት ሳሎን ሄዱ። አንዷ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ብላ ሳቀች። እ/ሆዳን ተረጎሙልኝ፦ እኛስ ሙስሊም አይደለንም ወይ፣ ይቺ ሐበሻ በምን በለጠችን? ነው ያለችው።  ድንበር ተሻግሬ ወደዚህ ስመጣ የሙስሊም አገር ነው፣ በሃይማኖቴ የሚያስጨንቀኝ የለም ብዬ ነበር።

ደንበኛ ጋብ ሲል እ/ሆዳን ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ የከፈትኩት ሳሎን ነው፣ መስጊድ አይደለም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። የቤት ኪራይ አለባቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12።

ዕረፍት። ጁምዓ ሰገድኩ። ኹጥባው፣ ስብከቱ፣ በሶማሊኛ ነው፤ ቁርኣን ሲጠቀስ ብቻ ጆሮዬ ይነቃል። ሶላት እንዳለቀ አጠገቤ የነበረችው ሴት ጨበጠችኝ፣ ሰላም ተባባልን፣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር አላወራሁም። ኮድቡር ሰፈር ያለችው ክፍሌ ገባሁ። ሩዝ ቀቀልኩ፣ ግማሹ ተረፈ።

እናቴ ደወለች። ሥራ እንዴት ነው አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። መግሪብ ሊደርስ ሲል።

ደብተሬ፣ ዛሬ ከብዶኛል። ሙሽራ መጣች። ኢፍራሕ ትባላለች፤ ያገራችን ጅግጅጋ ከተማ ነው የተማረችው፣ አማርኛ ትችላለች። ሠርጓ ሐሙስ ነው። መጋረጃውን ዘጋሁላት፣ ሒጃቧን አወለቀች። ፀጉሯ በሕመም ረግፏል። እዚህም እዚያም ቆዳዋ ይታያል። ቀጥይልኝ አለች።

ያን ሐዲስ አውቀዋለሁ። አንዲት እናት፣ ልጇ ታማ ፀጉሯ ረገፈ፣ ልትድራት ነው፣ ልቀጥልላት ወይ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። አይሆንም ተባለች። ልጅ ሆኜ በቃሌ ያዝኩት እንጂ የዚያች ልጅ ፊት ምን ይመስል ነበር ብዬ አስቤ አላውቅም። ዛሬ መስታወቱ ውስጥ አየሁት።

ፀጉር አልቀጥልም፣ በሐር ክር ልሥራልሽ አልኳት። እሱን የሚፈቅዱ ዑለማዎች አሉ። ራሷን ነቀነቀች። «ክር መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል» አለች። ቀጥላም፣ «እኔም የምሰግደው ላንቺው ጌታ ነው፣ እህቴ» ብላ ሒጃቧን መልሳ አሰረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እ/ሆዳን እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት፣ ካልሆነ ሌላ ሰው አመጣለሁ አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ከመግሪብ በኋላ።

ኢፍራሕ ቁጥሬን ከእ/ሆዳን ተቀብላ ደወለች። ቤት መጥተሽ ሂና ሣይልኝ አለች። ለምን እኔን እንደመረጠች አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ሰው ቤት ከተጠራሁ ቆይቻለሁ። እጇን ስሥል ስለ ጅግጅጋ አወራችኝ፣ ስለ ትምህርት ቤቷ። ሳቅን።

ፀጉሯ ተቀጥሏል፣ ሌላ ሳሎን። በየመሀሉ ግን ዓይኗን ትጨፍናለች። ምነው ብላት ራሴን አመመኝ አለች። ገልጬ አየሁ። ስፌቱን ከመጠን በላይ አጥብቀውታል። ባለቻት ትንሽ ፀጉር ላይ አንጠልጥለውት ቆዳዋ ቀልቷል፣ አንድ ቦታ ደምቷል። እንዲህ ካደረ የቀረችውም ትነቀላለች።

ይፈታ አልኳት። እንባዋ መጣ። «ነገ እኮ ነው» አለች፣ ሂናው እንዳይበላሽ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ።

እናቷን መቀስና መርፌ ጠየቅኩ። ፈታሁት። ቁስሉን ዘልዬ፣ ላላ አድርጌ፣ እንደገና ሰፋሁላት።  ስጨርስ አንገቷን ወዲህ ወዲያ አዞረች፣ አላመማትም። ሠርጌ ላይ ነይ አለችኝ። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ከሰዓት።

ሠርጉ ላይ አልሄድኩም። የመኪኖቹን ጡሩምባ ከክፍሌ ሆኜ ሰማሁ።

ዛሬ ሰገድኩ፣ አላህን ይቅርታ ለመንኩ። ለየትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ቅዳሜ ስለመለስኳት ነው ወይስ ረቡዕ ስለሰፋሁላት? የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሼኹ ሶማሊኛ፣ እኔ አማርኛ። እ/ሆዳንን ብጠይቅ፣ ይኸው ቻልሽ አይደል ይሉኛል። ለእናቴ ልነግራት ደውዬ ድምፅዋን ስሰማ ተውኩት። ስለ ዝናቡ አወራን።

ረቡዕ የሠራሁት ለአንዲት ለታመመች ልጅ ነው። መተዳደሪያዬ ግን አላደርገውም። በየቀኑ ብሠራው ይህ ጭንቀት ራሱ ይተወኛል፤ እሱን ነው የምፈራው።

ነገ ሳሎኑ ሳይከፈት ለእ/ሆዳን እነግራቸዋለሁ። ወሩ ሲያልቅ እወጣለሁ። በየቤቱ እየዞርኩ ሂናና ሹሩባ እሠራለሁ። ቅድም ዋሄን ገበያ ወርጄ ሂና ገዝቻለሁ። ማን እንደሚጠራኝ ገና አላውቅም።