ከመኪናው ሥር ለዶክተሩ

ማክሰኞ ጠዋት፣
ከጋራዡ

ለልጄ አባት፣ ለታዋቂው «ዶክተር»፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ እንደሚያበግንህ ስለማውቅ ልድገመው፤ በጣም ደህና ነኝ። ጋራዡም ደህና ነው። ከአዲሷ ሚስትህ ጋር ስትሄድ የወሰድከው የበሩን ታፔላና አሮጊቷን መኪናችንን ብቻ ስለሆነ እዚህ የጎደለ ሥራ የለም።

ናፍቀኸኝ የጻፍኩ እንዳይመስልህ። ልጃችን ቡሎን ትናንት ደውላ «እማዬ፣ ትምህርት እስኪከፈት አባዬ ጋ መቆየቴ እንዴት ጥሩ ሆነ መሰለሽ! ቅዳሜ በአሮጊቷ ሐይቁ ድረስ ሊወስደን ነው» አለችኝ። የልጄ ደስታ ከስልኩ ሊወጣ ምንም አልቀረው። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የሐይቁን ቁልቁለት አውቀዋለሁ፤ መኪናዋንም አውቃታለሁ። አሮጊቷ አንድ ክፉ በሽታ አለባት። ያ በሽታ ሳይድን ልጄን ጭና ያንን ቁልቁለት ብትወርድ የሚመጣውን ማሰብ አልፈልግም። አንተ ደግሞ በሽታውን አታውቀውም።

በስልክ ብነግርህ ምን እንደምትል ይታወቃል። «ገባኝ፣ ገባኝ» ብለህ ሳልጀምር ትዘጋዋለህ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር አስጨርሰኸኝ አታውቅም። ስለዚህ በሽታውን እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ቦታ አስቀምጬዋለሁ። የት እንደሆነ አልነግርህም። ቁጭ በልና ከላይ እስከ ታች አንብብ። ዛሬ ተናጋሪዋ እኔ ነኝ፤ አንተ ደግሞ ታዳምጣለህ።

«ዶክተር» የሚለውን ስም ያወጣልህ ማን እንደነበር ታስታውሳለህ? ያ ባለ ሚኒባሱ ነው። አንተ ኮፈኑን ከፍተህ፣ ጆሮህን ወደ ሞተሩ ጣል አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ቆመሃል። እኔ ከሥር በጀርባዬ ተኝቻለሁ። መፍቻዬን አንድ ጊዜ አንኳኳሁ። አንድ ማለት ናፍጣ አልደረሰውም፣ ሁለት ማለት አየር ገብቶበታል፣ ሦስት ማለት ሙቀት ነው። አንተም ቀና ብለህ «ወንድሜ፣ የናፍጣ ፊልትሮህ ተደፍኗል። አቀበት ላይ የሚደክመው ለዚህ ነው» አልከው። ሰውዬው እጅህን ሊስም ትንሽ ቀረው። «ይሄ መካኒክ አይደለም እኮ፣ ዶክተር ነው!» አለ። እኔ ከሥር ስወጣ ከፊቴ ላይ የሚታየው ዓይኔ ብቻ ነበር። «እጅሽን ታጠቢና ለእንግዳው ወንበር አምጪለት» አልከኝ። አመጣሁለት።

ሰው ሴት የነካችውን ሞተር አያምንም ብለህ ነበር ያሳመንከኝ። እኔም አመንኩህ። ባሌ ሲመሰገን እኔም የተመሰገንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። የወለሉ ቅዝቃዜ የገባው በኔ ወገብ፣ ሙገሳው የገባው በአንተ ጆሮ!

ወሬህ እዚህ ይደርሳል፣ አትጠራጠር። ያ ከናንተ ከተማ ዕቃ የሚያመላልሰው ወሬኛ ሾፌር ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋች መንገዱን አጨልማዋለች። «ዶክተሩ መጀመሪያ ኖዝሉ ነው አለ፤ ፈታው። ቀጥሎ የናፍጣ ፓምፑ ነው አለ፤ እሱንም ፈታው። በመጨረሻ ሞተሩ አልቆለታል አለኝ» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አልነካሁም፣ ፓምፑንም አልነካሁም። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ግድግዳ ላይ አንዴ ብመታው ሁለታችንም አቧራ ለበስን። ሞተሩ የሚተነፍሰው አጥቶ ናፍጣውን ሳያቃጥል እየተፋው ነበር። አዲስ ማጣሪያ ስገጥምለት ጭሱ ጠፋ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጭስ ማውጫውን አየ።

«ታዲያ ዶክተሩ ምን ነካው?» አለኝ።

«ጆሮውን እኔ ጋ ረስቶት ነው የሄደው» አልኩት።

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ስለ መፍቻው ማንኳኳት አንድ በአንድ ነገርኩት። አደራ ለማንም እንዳትናገር አላልኩትም። እስካሁን በየማደያው እንዳዳረሰው ተስፋ አደርጋለሁ። ደንበኞችህ ሰሞኑን ኮፈን ስትከፍት ጎንበስ ብለው ከመኪናው ሥር የሚመለከቱ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሮጊቷስ ጠዋት ጠዋት እንዴት ናት? ቡሎን ሁሉንም ነግራኛለች። ቁልፉን ስታዞር ስታዞር ትውልና ነጭ ጭስ አልብሳህ ዝም ትላለች አሉ። አዲሷ እመቤት በታኮ ጫማዋ ከጎረቤት ጋር ሆና ስትገፋ ባየሁ! እዚህ እያለህ አንድም ቀን አስቸግራህ አታውቅም፤ አይደል? አንተ ሳትነሳ እኔ ወጥቼ አስነስቼ አሞቃት ነበር። አንተ ቁርስህን በልተህ፣ ከንፈርህን ጠራርገህ፣ የሞቀ መኪና ውስጥ ትገባ ነበር። ጠዋት የማትነሳበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ለማዳን አንድ ትንሽ መፍቻና የአንድ ሻይ ጊዜ ይበቃል። ግን አልነግርህም። በሞቴ ብትለኝም አልነግርህም።

አንድ እውነት ግን ልንገርህ። ትናንት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ልጄ ባትኖርበት ኖሮ ዝም እላለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ወዲያው «ዝም አልልም» አላልኩም። ክፉ ሐሳብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አንተ ያስተማርከኝ ሐሳብ ነው።

እሺ፣ ደርሰሃል። ዘለህ መጥተህ ከሆነ ወደ ላይ ተመለስና አንብበህ ና።

ፍሬኗ ነው። የቤንዚን መኪና ፍሬኑን የሚያግዘውን የአየር ስበት ከራሱ ሞተር ያገኛል። የአሮጊቷ ሞተር ግን የናፍጣ ስለሆነ ስበቱን የምትሰጠው ለብቻዋ የተገጠመች ትንሽ ፓምፕ ናት። ያቺ ፓምፕ ደክማለች፤ ቱቦዋም ተሰንጥቋል። ከተማ ውስጥ አይታወቅህም፤ አንዴ ስትረግጥ ይይዛል፣ ደግመህ ብትረግጥም ይይዛል። ቁልቁለት ላይ እየደጋገምክ ስትረግጥ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። በሁለት እግርህ ብትቆምበት እንኳ መኪናዋ አትሰማህም።

አዲሱን ፓምፕና ቱቦውን ይህን ደብዳቤ ከሚያደርስልህ የአውቶቡስ ሾፌር ተቀበል። መቼ አገኘሽው ትል ይሆናል። አንተ ታፔላውን በነቀልክበት ሳምንት ልገጥመው መደርደሪያው ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ አቧራውን እየጠረግኩ አስቀምጬዋለሁ። ለምን እንደምጠርገው አትጠይቀኝ። ስትገጥመው የፓምፑን መቀመጫ በደንብ አጽዳ፣ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ አትቸኩል። እጅህ ሲቸኩል የመኪና ቡሎን እንደሚያበላሽ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ የኔን ስማ። ለቡሎን ዛሬ ጠዋት ደውዬ ሁሉን ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ ከመነሳታችሁ በፊት አሮጊቷን ደንበኞችህ ፊት ታቆማታለህ። ልጄ የሾፌሩ ቦታ ላይ ትቀመጣለች። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪደርቅ ደጋግማ ትረግጣለች፤ ከዚያ እግሯን ሳታነሳ ታስነሳለች። ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ፍሬኑ ድኗል ማለት ነው። ዝቅ ካላለ አትሳፈርም።

ዝቅ ቢልም ወዲያው አትሳፈርም። ወርዳ ሰው ሁሉ እየሰማ «አባዬ፣ ይህን በሽታ ማን ነው ያገኘው?» ብላ ትጠይቅሃለች። አንተም ትመልሳለህ። በሹክሹክታ አይደለም፤ ለባለ ሚኒባሱ በተናገርክበት በዚያ ወፍራም ድምፅህ። «እናትሽ ናት» ትላለህ። «ድሮም እሷ ነበረች» ትላለህ። ካላልክ ልጄ ሻንጣዋን ይዛ በአውቶቡስ ትመለሳለች፤ አንተም ሐይቁን ከአዲሷ ጋር ታየዋለህ። ቡሎን ምላለች። አንዴ ከጠበቀች እንደማትላላ ታውቃለህ፤ ስሟን ያወጣህላት አንተ ነህ።

እንግዲህ ፈጣሪ መንገዳችሁን ያሳምር። ለልጄ ጤና፣ ለአሮጊቷ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለአንተም በየጠዋቱ መኪና የሚገፋ ጎረቤት አያሳጣህ።

ከመኪናው ሥር የነበረችው

የረሳሁት፦ ትናንት ከአንድ ደንበኛ መኪና ሥር ተኝቼ ሳላስበው መፍቻዬን ሁለቴ አንኳኳሁ። ከላይ ድምፅ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ደንበኛው ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ወጣሁና ፊቴን ሳልጠርግ «ናፍጣህ ውስጥ አየር ገብቷል» አልኩት፣ በራሴ አፍ። ሰውዬው ሄዶ ወንበር አመጣልኝ።