በግቢዬ ስላሉት ስደተኛ ሼህ ለአገረ ገዥው

ለክቡር አገረ ገዥ
ቡታጅራ፣ ኅዳር 14 ቀን 1960 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ በጤና እንዲሰነብቱ እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን በአንዲት በርበሬ ነጋዴ ደብዳቤ በመሻማቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለሰጡኝ ክብር አመሰግናለሁ። እኔ ሃሊማ ሽፋ የሁለት መንግሥታትን ወዳጅነት ማናጋት የምችል ሴት መሆኔን እርስዎ እስኪነግሩኝ ድረስ አላውቅም ነበር። ከጎረቤት አገር ተሰደው የመጡት ሼህ ሙስተፋ በግቢዬ ባለችው ክፍል ከተቀመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። እዚያ የቀሩት ተከታዮቻቸው በመስጊድ ገዥያቸውን አናወድስም ስላሉ፣ የዚያ አገር አምባሳደር ተቀይመው ሼሁ ይሰጡን ብለዋል አሉ። የሼሁ ሁለት ወንድሞች በዚያው አገር እስር ቤት መሞታቸውን ክቡርነትዎ አልሰሙ ይሆናል። እኔ ግን መርዶው የመጣ ዕለት አብሬያቸው ተቀምጫለሁ።

ሁለተኛ፣ ማክሰኞ ስለላኩልኝ ስድስት ፖሊሶች አመሰግናለሁ። አንድ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ለመያዝ ስድስት ሰው መላክዎ ለአዛውንት ያለዎትን አክብሮት ያሳያል። ፖሊሶቹ የዓመፅ ጽሑፍ ሲፈልጉ ያገኙት፣ ሼሁ ለተጣሉ ባልና ሚስት የጻፉትን የዕርቅ ምክር ነው። ለማስረጃ ተወስዷል፤ ባልና ሚስቱም እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ሼሁ ሲወጡ፣ "ሃሊማ ልጄ፣ በእኔ ምክንያት እንዳትጎጂ፤ ልሂድላቸው" አሉኝ። እኔ ግን መኪናውን ተከትዬ ሮጥኩ።

መኪናው ከከተማው መውጫ ላይ ለምን እንደቆመ ሪፖርት ካልደረሰዎት እኔው ላስረዳ። የማርያም ማኅበርተኛዋ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ቤቴ ሲፈተሽ አይተው ቀድመው ሄደው መንገዱ መሐል ቁጭ ብለው ነበር። ከእንሴኖ ለገበያ የመጡት ሴቶችም ሸክማቸውን አውርደው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። የፖሊሶቹ አለቃ አስር አለቃ ደበሌ፣ "ትዕዛዝ ነው፣ ተነሡልኝ" አለ። ወይዘሮ ዘነበወርቅም፣ "መንገድ አልከለከልንም ልጄ፣ ደክሞን ነው" አሉት። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ደከመን። በመጨረሻ አስር አለቃው መኪናውን አዞረና ሼሁን ደግፎ ደጄ አደረሰልኝ። እባክዎ እንዳይቀጡት፤ መሄጃ አጥቶ ነው።

ሼሁ አሁንም በግቢዬ ናቸው። ለተከታዮቻቸው ይጽፋሉ፤ ቀለምና ወረቀቱን የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። አሳልፌ አልሰጣቸውም። አምባሳደሩ ከተቀየሙ ቤቴን የሚያሳያቸው ሰው አያጡም።

ከዚህ አንድ ጉዳይ በስተቀር በሁሉም ነገር ታዛዥዎ የሆነች፣ ለክቡርነትዎም ረጅም ዕድሜና አጭር ቁጣ የምትመኝ፣
ሃሊማ ሽፋ

ማሳሰቢያ፦ ማን ጻፈላት ብለው በማጣራት እንዳይደክሙ። የጎልማሶችን ትምህርት ቤት ሲመርቁ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው አቤቱታውን በራሱ እጅ ይጽፋል ብለው ነበር። አምኜዎት ተማርኩ። አርባ ሴቶች ጨርሰናል፤ የቀሩት ሠላሳ ዘጠኙም እየጻፉልዎ ነው።