ሳይጠቁር የተከፈተው በርሜል

ለወንድሜ ለማስ ሱጌንግ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በደህና ያግኝህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እኔን ትንሽ ደክሞኛል እንጂ።

የባቲኩ ጨርቅ ማቅለም ሥራ አልቆመም። የቀለሙን እጣቢ የሚያጠራልን የኮኮናት ቅርፊት ከሰል ቀለም ጠጥቶ ሲጠግብ፣ አባባ እንደ ድሯቸው በርሜል ውስጥ ከድነው ያግሉታል፤ የጠጣው ቀለም ተቃጥሎ ሲወጣለት እንደገና ያጠራል። ባለፈው ግን ከሰሉ ገና ፍም ሳለ ክዳኑን አነሱት። አየር ሲያገኝ ግማሹ አመድ ሆነ። «ሳይጠቁር እንዳትከፍቱ» እያሉ ያሳደጉን እሳቸው!

«ጠቁሮ ነበር እኮ» አሉኝ። አመዱን ጠረግኩ።

የተጣራውን ውሃ አሁንም በብርጭቆ ቀድተው ከነጭ ጨርቅ ፊት ይይዙታል። ትናንት «ጠርቷል፣ ወደ ቦዩ ልቀቂው» አሉ። ቀይ ነበር። ግን አባባን እንዴት ብዬ ቀይ ነው እላቸዋለሁ? ለቀቅኩት።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ቡ ዋርሲቲ ዳክዬዎቿን ከቦዩ እየነዳች መጣች።

«አንቺ ቱሚኒ፣ ዳክዬዎቼን ሂና ቀባሻቸው! ልትድሪያቸው ነው እንዴ?»

አባባ ወደ ዳክዬዎቹ ጎንበስ ብለው ሳቁ። «ነጭ አይደሉም እንዴ? ምን ሆኑ?»

ዋርሲቲ ሳቋን አቋርጣ ወደ እኔ ዞረች።

አሁን አባባ ለሶላት እስኪሄዱ ጠብቄ ውሃውን ዳግመኛ አጣራዋለሁ። ሥራው እጥፍ ሆኖብኛል፤ ምንም አይደለም።

ሁላችንም ናፍቀንሃል፤ አላህ ለዒድ በሰላም ያገናኘን። ስትመጣ ግን በሩ ላይ ዝም ብለህ አትቁም። «አባባ፣ እኔ ሱጌንግ ነኝ» በላቸው። ደስ ይላቸዋል።

እህትህ ቱሚኒ